ከመሬቱ በፊት ውኃውን ለኩ፦ የሰፈር አትክልት ማኅበር አሠራር በጎጃም ሞቃታማ አካባቢዎች

በባሕር ዳር፣ በመርዓዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሰፈር ሰው ተሰባስቦ ጓሮ አትክልት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ጉድጓዱ ሞልቷል፤ ሁሉም ነገር የሚበቃ ይመስላል። የካቲት ሲገባ ግን ውኃው ይሸሻል፣ ውኃ ቀጂው ይሰላቻል፣ ከተተከለው ብዙው ሳያፈራ ይደርቃል። ይህ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም፤ ሥራው በመሬት ስፋት ስለሚጀመር ነው። በሞቃት ቦታ የአትክልቱን ስፋት የሚወስነው በመጋቢት የሚገኘው ውኃ ነው። የመደቡ ብዛት፣ የአባላቱ ቁጥርና የተራው አወጣጥ ሁሉ ከዚያ ይነሣል።

1. ውኃውን በጀሪካን ቁጠሩ

የእጅ ጉድጓድ ከሆነ ማለዳ ገመድ አውርዳችሁ የውኃውን ከፍታ በቋጠሮ ያዙ። ከዚያ ውኃው ግማሽ እስኪጎድል በ20 ሊትር ጀሪካን እየቆጠራችሁ ቅዱ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ገመዱን መልሳችሁ አውርዱ። ውኃው ወደ ቋጠሮው ከተመለሰ የቀዳችሁት ያህል በየቀኑ ይገኛል ማለት ነው፤ ካልተመለሰ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሳችሁ ልኩን ፈልጉ። ልኬቱ የሚታመነው በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሲደረግ ነው። በጥቅምት ለክታችሁ ከሆነ ከተገኘው ግማሹን ብቻ ይዛችሁ አስቡ።

ቅጠሉ መደቡን የሸፈነ አትክልት በአንድ ካሬ ሜትር በኅዳርና በታኅሣሥ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ5 እስከ 6 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ጉድጓዱ በቀን 30 ጀሪካን ይሰጣል እንበል። ይህ 600 ሊትር ነው፤ ለ5 ሲካፈል 120 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚህ የ20 ካሬ ሜትሩን ውኃ ለችግኝ መደብ፣ ለብስባሽ ክምርና ለፍራፍሬ ተዉት። የቀረው 100 ካሬ ሜትር ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ 10 መደብ ይወጣዋል። በመደቦቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ፣ ለክምርና ለችግኝም ቦታ ሲጨመር 200 ካሬ ሜትር መሬት ይበቃል። አንድ ቃዳ ሙሉ ቢሰጣችሁ እንኳ በዚህ ውኃ ከ10 መደብ በላይ አትክፈቱ። ቀሪው ሣር ይብቀልበት፤ ሣሩ ለጉዝጓዝ ይፈለጋል።

በከተማ ውስጥ የሚወርድ የፍሳሽ ውኃ ለሰላጣ፣ ለካሮት፣ ለቃሪያና ለቲማቲም አይሆንም። ጥሬ የሚበላ አትክልት ላይ አሜባና ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላልም ይዞ ይቀራል፤ በውኃ ብቻ አጥቦ ማስለቀቅም ያስቸግራል። ከዚያ ውኃ ሌላ ከሌለ ጌሾና ሙዝ ትከሉበት፣ እነሱንም ከሥራቸው ብቻ አጠጡ።

2. ተራውንና ደንቡን በጽሑፍ አውጡ

ለ10 መደብ 14 ቤተሰብ ይመቻል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ሰባት ጥንድ ይወጣቸዋል፣ ለእያንዳንዱም ጥንድ በሳምንት አንድ ቀን ይደርሰዋል። ሰባት ወይም ስምንት ቤተሰብ ብቻ ከተገኘ መደቡን ወደ 5 አውርዱ። የአንድ ቀን ሥራ 30 ጀሪካን፣ ለአንድ ሰው 15 ነው። ከዚህ በላይ የተጫነበት ሰው አንድ ወር ሠርቶ ይቀራል።

መደቡን ለየቤቱ አካፍሎ ሁሉም በየራሱ ይያዝ የሚል ሐሳብ በየማኅበሩ ይነሣል። እኛ አንመክረውም። የአንዱ ቲማቲም ሲታመም ባለቤቱ ሳስቶለት ዛሬ ነገ እያለ ሳይነቅል ይቆያል፣ በሽታው ግን የመደብ ድንበር አያውቅም። መደቡ የጋራ ይሁን፤ ምርቱም በተያዘው ተራ ልክ ይከፈል። ጸሐፊው በመዝገብ የሚይዘው ሦስት ነገር ነው፦ ማን ተራውን ሠራ፣ በየመደቡ ምን መቼ ተተከለ፣ ስንት ኪሎ ወጣ። የቀረ ሰው እንደ እድሩ መቀጫ ይክፈል፤ ተተኪ ከላከ ግን አይቀጣ። ቁፋሮ፣ አጥርና ክምር ማገላበጥ በተራ የሚያልቁ ሥራዎች ስላልሆኑ ደቦ ጥሩላቸው።

የበዓላቱ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት። 12፣ 21፣ 29 እና እሑድ ዶማ የማያነሣ ሰፈር ውስጥ ተራው በጭፍን ከወጣ ችግኝ በጥማት ያልቃል። የወሩን በዓላት በተራው ሰሌዳ ላይ አስቀድማችሁ አክብቡ። በዋዜማው ማታ በማግስቱ የሚጠጡትን መደቦች ጨምራችሁ አጠጡ፤ ጉዝጓዝ የለበሰ የቆመ አትክልት በዚያ በቀላሉ ይሻገራል። ሳይጠጣ መዋል የማይችለው ገና የበቀለ ችግኝ ብቻ ነው፤ ለእሱ በዓሉ የማይመለከተው ወይም የተስማማ አንድ ሰው ይመደብ።

3. ቦታው፣ አፈሩና መደቡ

ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከባሕር ዛፍ ከ10 ሜትር በላይ የራቀ ቦታ ምረጡ። የባሕር ዛፍ ሥር መደቡ ውስጥ ገብቶ እናንተ ያጠጣችሁትን ይጠጣል፤ ቅጠሉም ለብስባሽም ለጉዝጓዝም አይሆንም። የከሰዓት ፀሐይ ስለሚበረታ በምዕራብ በኩል ፓፓያ፣ ሺፈራው ወይም የእርግብ አተር ትከሉ። ፓፓያ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ይተከላል፤ ሲያብብ ወንዱ ይነቀልና ሴቷ ትቀራለች። ከ10 ሴት ዛፍ መካከል አንድ ወንድ ይቅር።

አፈሩን ለመለየት አንድ እፍኝ አርጥባችሁ አሹት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከልም እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ከባድ ሸክላ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚገኘው ጥቁር አፈር እንዲህ ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። መድኃኒቱ ብስባሽና ጉዝጓዝ ነው። አሸዋ ብቻ ቢጨመርበት ይብሱን ይጠነክራል። በቡሬና በመርዓዊ በኩል የሚገኘው ቀይ አፈር ውኃ ያሳልፋል፣ ግን ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። በምርመራ ከተረጋገጠ ኖራው በተነገረው መጠን ይገባል፤ እስከዚያው በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ ይበተን። ጥቁር አፈር ላይ አመድ አታብዙ።

መደቡን በዶማ 30 ሳንቲ ሜትር አጥልቃችሁ ቆፍሩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በክረምት መደቡ ከመተላለፊያው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ካልሆነ ሥሩ በውኃ ታፍኖ ይበሰብሳል። በበጋ ግን ያው ከፍ ያለ መደብ ጎኑን ንፋስና ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ውኃውም ወደ መተላለፊያው ይሸሻል። ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ አፈሩ ቀይ ከሆነ መደቡን ከመሬት ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ዙሪያውን ጠርዝ አብጁለት፤ ጥቁር ከሆነ ደልዳላ አድርጉትና ጠርዝ ብቻ ይኑረው።

4. ብስባሹን በመስከረም ከምሩ

በመስከረም አረሙ ለምለም ነው፣ ዘሩንም ገና አላፈራም። ያኔ የተከመረው በታኅሣሥ ይደርሳል። ከዛፍ ጥላ ሥር ርዝመቱም ወርዱም 1.5 ሜትር የሆነ ቦታ ጥረጉ። ከታች 15 ሳንቲ ሜትር የተከረታተፈ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ አንጥፉ፤ አየር የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ገለባና ቅጠል፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር እበት፣ በመጨረሻ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይደረባል። በየድርቡ ውኃ ይረጫል። ይህ እየተደጋገመ ከፍታው 1.5 ሜትር ሲደርስ ከላይ በሣር ይሸፈናል፣ መሐሉም ላይ ረጅም በትር ይተከላል።

እበቱ ለኩበት ስለሚፈለግ ብዙ ቤት አይሰጥም። የዶሮ ኩስ ካለ ግማሹን ያህል ይተካል፤ የቡና አተላም ይጨመር። ጣና ዳር ያላችሁ እምቦጭ መጠቀም ትችላላችሁ፣ በጥንቃቄ ግን። ያላበበውን ብቻ ወስዳችሁ፣ እዚያው አድርቃችሁና ከታትፋችሁ በክምሩ መሐል አስገቡት። ያበበው ዘር ይይዛል፤ ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ቦይ ማሻገር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

በአምስተኛው ቀን በትሩን ነቅላችሁ ጨብጡ። ሙቅና እርጥብ ከሆነ ሥራው ላይ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ አንሶታል። ቀዝቃዛ ሆኖ ከሸተተ ደግሞ ውኃና እርጥብ ነገር በዝቶበት አየር አጥቷል፤ ወዲያው ገልብጣችሁ ደረቅ ገለባ ጨምሩ። በየሦስት ሳምንቱ የውጪው ወደ መሐል እንዲገባ ይገለበጣል። ከሦስት ወር በኋላ የዝናብ አፈር ሽታ ሲኖረውና የገባው ነገር ሲጠፋ ደርሷል። ለአንድ መደብ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ይበተንና ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ይቀላቀላል። አንድ ክምር ለ10 መደብ ሁለት ዙር ያህል ይሆናል። ያልበሰለ እበት በቀጥታ መደብ ላይ አታድርጉ፤ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

5. ከጾሙ ወደ ኋላ ቁጠሩ

አትክልት በየቤቱ በብዛት የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። የዓመቱን ቀን ከባሕረ ሐሳቡ አይታችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ጾሙ የካቲት 10 ቢገባ ሽንኩርት 155 ቀን ያህል ስለሚፈልግ በመስከረም መጀመሪያ በዳስ ሥር ይዘራል። ቃሪያ 120 ቀን ይዞ ጥቅምት 10፣ ቲማቲም 110 ቀን ይዞ ጥቅምት 20፣ ካሮት 100 ቀን ይዞ ጥቅምት 30፣ ቆስጣ 60 ቀን ይዞ ታኅሣሥ 10 ይዘራል። ቆስጣና ጎመን በየሦስት ሳምንቱ በግማሽ መደብ እየተዘሩ ቢሄዱ ጾሙ ሙሉ ሳይቋረጥ ይገኛሉ።

ሙቀቱም ይህንኑ አቆጣጠር ያስገድዳል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ሳያፈራ ይረግፋል፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ በወረዳችሁ መጠን ይህ ቀድሞ ይመጣል። ሰላጣ በሞቀ አፈር ውስጥ በደንብ አይበቅልም፣ ቢበቅልም ቶሎ አገዳ አውጥቶ ይመራል። ከጥር በኋላ ሰላጣ አትዝሩ። መጋቢትና ሚያዝያን የሚችሉት ቃሪያ፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ሺፈራውና በሶብላ ናቸው።

ዝርያ ሲመረጥ በቃሪያ በኩል ማረቆ ፋና፣ በሽንኩርት በኩል ቦምቤ ሬድ ወይም አዳማ ሬድ፣ በቲማቲም በኩል ሮማ ቪ ኤፍ የታወቁ ናቸው። የዘር ፓኬት ሲገዛ ቀኑ ይታይ። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው ጉልበቱ ይደክማል። 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞክሩት፤ ከ14 በታች ከበቀለ ሌላ ግዙ።

6. ችግኝ ማፍላት

ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ መደብ አዘጋጁ። ባለፈው ዓመት ችግኙ ከአንገቱ ጠቁሮና ቀጥኖ ከወደቀ አፈሩ ውስጥ ሻጋታ አለ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ መደቡን አርጥባችሁ፣ በሚያሳይ ላስቲክ አጥብቃችሁ ሸፍናችሁ ለስድስት ሳምንት ተዉት፤ ሙቀቱ ያጸዳዋል።

ዘሩ በመስመር ይዘራል። በመስመሮች መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለአንድ መደብ ሽንኩርት 3 ግራም፣ ቃሪያ 1 ግራም፣ ቲማቲም ግማሽ ግራም ይበቃል። አፍሶ መዝራት ዘር ከማባከኑ ሌላ ችግኙ ተጠጋግቶ እርጥበት ይይዛል፣ ይበሰብሳልም። ከተዘራ በኋላ በደረቅ ሣር ይሸፈናል። ጥቅል ጎመን በ5 ቀን፣ ቲማቲም በሳምንት፣ ሽንኩርት እስከ 10 ቀን፣ ቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ብቅ ሲል ሣሩ በዚያው ማታ ይነሣ፤ አንድ ሁለት ቀን ከዘገየ ችግኙ ቀጥኖ ይመዘዛል። ከዚያ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ዳስ ይሠራለታል፣ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የጠዋት ፀሐይ እንዲያስገባ። ከመዛወሩ 10 ቀን በፊት ዳሱ እየሳሳ፣ ውኃውም እየቀነሰ ይሄዳል።

ለማጠጫ የዘይት ጀሪካን ክዳኑን በቀጭን ሚስማር 15 ቦታ ብሱት። በባልዲ የሚደፋ ውኃ ዘሩን ጠርጎ አንድ ጥግ ያከማቸዋል።

7. ማዛወርና ማጠጣት

ቲማቲምና ጥቅል ጎመን በ30 ቀን፣ ቃሪያና ሽንኩርት በ50 ቀን ግድም ይዛወራሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው ሥራው። ችግኝ መደቡ አስቀድሞ ይጠጣ፣ ችግኙ ከነአፈሩ ይነሣ። በ1 ሜትር መደብ ላይ ቲማቲም አንድ መስመር በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ቃሪያ ሁለት መስመር በ30፣ ቆስጣ ሦስት መስመር በ25፣ ጥቅል ጎመን ሁለት መስመር በ45 ይተከላል። ሽንኩርት መስመሩ በ20፣ በመስመሩ ውስጥ በ10 ሆኖ ወደ 500 ችግኝ ይይዛል። ካሮት አይዛወርም፤ ሥሩ ይሰነጠቃል። በቦታው ይዘራና ሁለት ጣት ሲያህል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይሳሳል።

ችግኙ እስኪይዝ አንድ ሳምንት በየቀኑ አጠጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየዘለላችሁ በርከት አድርጉለት። በየቀኑ ጥቂት የሚረጭ ውኃ ላይ ላዩን ያረጥብና ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ አንድ ቀን የታለፈ ዕለት ይጠወልጋል። ስሌቱም ከተራው ጋር ይሄዳል፦ በቀን አምስት መደብ፣ ለእያንዳንዱ 5 ጀሪካን፣ ድምሩ 25፤ ቀሪው 5 ጀሪካን ለችግኝና ለፍራፍሬ። ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ይመረጣል። ማታ ከሆነ ቅጠሉን ሳትነኩ ከሥሩ አጠጡ፤ ረጥቦ ያደረ ቅጠል በሽታ ይጠራል።

ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ሆኖ ከግንዱ ሁለት ጣት ይራቅ። ትነትን በጉልህ ይቀንሳል። ምስጥ ባለበት ቆላ ግን ደረቅ አገዳና ገለባ ምስጡን ይጠራል፤ እዚያ የበሰለ ብስባሽ ወይም ትኩስ የታጨደ አረም በስሱ አልብሱ።

8. የሚያበላሹት ነገሮች

ክሽክሽ በጎመን ቅጠል ጀርባ ይከማቻል፤ ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ደግሞ በደረቅ ሙቀት በሽንኩርት ቅጠል መሐል ገብቶ የብር ዓይነት ነጠብጣብ ይተዋል። ለሁለቱም የኒም ፍሬ ይጠቅማል። 50 ግራም የደረቀ ፍሬ ወቅጣችሁ በ1 ሊትር ውኃ አሳድሩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሩ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ርጩ። በሳምንት ይደገማል። ፀሐይ ላይ ከተረጨ ኃይሉ ይጠፋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት ትል የቲማቲሙን ቅጠል በውስጡ ሰርስሮ ነጭ ፊኛ ያስመስለዋል፣ ፍሬውንም ይበሳል። የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ለቅማችሁ በላስቲክ አፍኑና ፀሐይ ላይ አቆዩ። ብስባሽ ውስጥ አትጣሉት።

ቲማቲም ወይም ቃሪያ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ባንዴ ከጠወለገ ግንዱን ከሥሩ ቁረጡና በጠራ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ እንደ ወተት ያለ ክር ከወረደ የባክቴሪያ ጠውልግ ነው። መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ዶማውን እጠቡ፣ በዚያ መደብ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አትመልሱ፤ በቆሎና ሽንኩርት ይተኩ። ሥሩ ላይ እብጠት እብጠት ካለ ደግሞ ነማቶድ የሚባለው ደቃቅ የአፈር ትል ነው። የቲማቲሙ ፍሬ ታችኛው ጫፍ ጠቁሮ ሲሰምጥ ብዙ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውኃው አንድ ጊዜ በዝቶ አንድ ጊዜ በመጥፋቱ የሚመጣ ነው፣ ተራ ያጓደለ ጥንድ ካለ መዝገቡ ያሳያል።

በቅጠላ ቅጠል ላይ የኬሚካል መድኃኒት እንዳይረጭ ደንቡ ውስጥ ይግባ። የጋራ ቦታ ነው፤ ትናንት የረጨውን ዛሬ ተራ የደረሰው ላያውቅ ይችላል፣ ልጆችም ይቀጥፋሉ።

9. ማንሣትና ወደ ክረምት መሻገር

ቆስጣና ጎመን ከውጪ ከውጪው ይቀጠፋሉ፣ መሐል ላይ አምስት ቅጠል ይቀራል። ቲማቲም መቅላት ሲጀምር ይነሣ፤ ዛፉ ላይ የቆየው በፀሐይ ይቃጠላል። ሽንኩርት ከግማሽ በላይ አንገቱ ሲወድቅ ውኃው ይቋረጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነቀላል፣ በጥላና በንፋስ አንገቱ እስኪደርቅ ይቆያል። አንገቱ ሳይደርቅ በጆንያ የገባ ሽንኩርት ከውስጥ ይበሰብሳል።

በሚያዝያ ጉድጓዱን እንደገና ለኩ፤ ለመጪው ዓመት የምትይዙት ቁጥር ይህ ነው። ውኃው ካነሰ በቅደም ተከተል መጀመሪያ የጨረሰው ቲማቲም፣ ቀጥሎ ካሮት ይቋረጥበት፤ ቃሪያውና ፓፓያው ይቆዩ። የግንቦት ደመና ሲመጣ ባዶ የሆኑትን መደቦች ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ በቁልቁለቱ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ክፈቱ፣ ቲማቲም የነበረበት ላይ በቆሎ፣ ሽንኩርት የነበረበት ላይ ጎመን፣ ጎመን የነበረበት ላይ ፎሶልያ ይግባ። ቦይው ሰኔ ሳይገባ ይለቅ፤ ጥቁር አፈር አንዴ ከጠጣ ዶማ አያስገባም።